የሟች ስም ከውግዘት ሲፈታ

በፈረንጆች አቆጣጠር በ1712 ዓ.ም.፣ በሰሜን አሜሪካ በማሳቹሴትስ አገር፣ የሳሌም ከተማ ቤተ ክርስቲያን ምእመናን ተሰብስበው፣ ከ20 ዓመት በፊት በአንድ ድምፅ አውግዘው ከማኅበራቸው የለዩአቸውን አንዲት አሮጊት ከውግዘቱ ፈቱ፤ በመዝገባቸው ላይ የሰፈረውም የውግዘት ቃል ተፍቆ እንዲጠፋ ወሰኑ። እኒህ ሴት ርብቃ ነርስ ይባላሉ። ነገር ግን ፍታቱ በሕይወት ሳሉ አልደረሰላቸውም፤ ውግዘቱ በተነገረባቸው በ16ኛው ቀን፣ በ1692 ዓ.ም. ጁላይ 19፣ ከሰይጣን ጋር ቃል ኪዳን የገቡ ጠንቋይ ናቸው ተብለው በ71 ዓመታቸው በስቅላት ሞተዋል።

በዚህ ውሳኔ ውስጥ፣ ታሪኩን የሚያነብ ሰው ዝም ብሎ ሊያልፈው የማይገባ ጥያቄ ተቀምጧል። የሳሌም ሰዎች ፒዩሪታን የሚባሉ ፕሮቴስታንቶች ነበሩ፤ ለሙታን መጸለይ ከንቱ ልማድ ነው ብለው የሻሩ፣ አስከሬን ወደ መቃብር ሲወርድ ይደርስ የነበረውን ጸሎት ያስቀሩ፣ የእያንዳንዱም ነፍስ ዕጣ ዓለም ሳይፈጠር በእግዚአብሔር ቅድመ ውሳኔ ተቆርጧል ብለው በጽኑ የሚያምኑ ነበሩ። በእኛ ቤተ ክርስቲያን ትምህርት ላደገ ሰው፣ ለሞተ ሰው ፍትሐት ማድረስ የሚያስደንቅ ነገር አይደለም፤ ሰልስቱ፣ ሰባቱ፣ አርባውና ሙት ዓመቱ ሁሉ ሕያዋን ስለ ሙታን የሚያቀርቡት ልመና ነውና። እነዚያ ሰዎች ግን በራሳቸው ሃይማኖት ሚዛን ሲመዘኑ፣ የርብቃ ነፍስ በዚያን ጊዜ ወይ በአብርሃም እቅፍ ናት፣ ወይ አይደለችም፤ እነርሱ ድምፅ ቢሰጡም ባይሰጡም ከነበረችበት ስንዝር አትንቀሳቀስም። እንግዲህ ምን ለማድረግ ተሰበሰቡ? ሕያው ለሟች ሊሰጠው የሚችለው ነገር ምንድር ነው? የሚሰጥ ከሆነስ ሊሰጥ የሚገባው ማን ነው?

ወደ መልሱ የሚወስደውን መንገድ የምፈልገው በመንፈሳውያን ሊቃውንት ክርክር ሳይሆን በዘር ቆጠራ በኩል ነው፤ ያን ፍታት የለመነው የርብቃ ልጅ ሳሙኤል ነርስ ነበርና፣ ዛሬም ርብቃን ከመዝገብ ወደ መዝገብ እየተከተሉ የሚፈልጓቸው ብዙዎቹ ከስምንቱ ልጆቻቸው ሐረግ የተወለዱ ናቸውና።

በቅኝ ግዛት ዘመን አሜሪካ የኖረችን ሴት አያት መፈለግ እጅግ አድካሚ ሥራ ነው። በእኛ ዘንድ ሴት ልጅ ባል ብታገባም ያባቷን ስም አትጥልም፤ ዘርም ሲቆጠር እስከ ሰባት ቤት በእናት በኩልም በአባት በኩልም ይቆጠራል። በእንግሊዛውያን ሥርዓት ግን ሴት ባገባች ዕለት ያባቷ ስም ይቀርና በባሏ ስም ትጠራለች፤ መበለት ሆና ሁለተኛ ብታገባ ደግሞ ሁለተኛ ትለውጣለች። ሕጋቸው ባልንና ሚስትን አንድ አካል ያደርግና ያ አንድ አካል ባል ነው ይል ነበር፤ ስለዚህም ያገባች ሴት ብቻዋን ርስት ልትሸጥ፣ በስሟ ልትከስ፣ ባሏ ሳይፈቅድ ልትናዘዝ አትችልም። ከዚህ የተነሣ ፈላጊው ቅድመ አያቱን የሚያገኛት በሌሎች ሰዎች ጉዳይ መካከል ነው፤ አባቷ ሲያስጠምቃት፣ ባሏ መሬት ሲሸጥ እርሷ ወደ ፊት በመበለትነቷ ከምታገኘው ሢሶ መብቷን መልቀቋን ስታረጋግጥ፣ ባሏም ሞቶ ዕቃው ሲቆጠር አልጋው፣ ድስቱና አንዲቱ ላም ለመበለቲቱ ይሁን ተብሎ ሲጻፍ። ወደ ኋላ 10 ትውልድ የቆጠረ ሰው በዚያ በ10ኛው ደረጃ ላይ ብቻ 1,024 የወላጅ ስፍራ ያገኛል፤ ከእነዚህም 512ቱ የሴቶች ናቸው፤ በዚያ ግማሽ ውስጥ የመጠሪያ ስም ብቻ ቀርቶላት ያባቷ ስም የጠፋ፣ ወይም «ሚስቱ» ከሚል ቃል በቀር ሌላ ያልቀረላት ሴት ብዙ ናት።

ይህን የመዝገብ ጉድለት ብቻ አድርጌ ልመለከተው አልችልም። አንዲት ሴት 50 ዓመት በሰላም ኖራ፣ ወልዳ አሳድጋ፣ የታመመ ጠይቃ፣ የተራበ አብልታ፣ ፈጣሪዋን ፈርታ ብትሞት፣ የዚያን ዘመን ጸሐፊ ብዕሩን የሚያነሣበት ምክንያት አላገኘም። የከሰሷት እንደ ሆነ ግን ፊት ለፊቷ ጸሐፊ ይቀመጣል፤ የተናገረችው፣ የተቆጣችው፣ ዝም ያለችበትም ጊዜ ሳይቀር ይጻፋል። ስለዚህ የሴት አያቱን ድምፅ የሚሻ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሰማው ከፍርድ አደባባይ ነው፤ የሚያገኘውም ሙሉ ሕይወቷን ሳይሆን የሕይወቷን እጅግ የከፋ ሰዓት ነው። ይህ ለልጅ ልጅ ከባድ ነገር ነው፤ ባይከሰሱ ኖሮ አናውቃቸውም ነበር ብሎ ማመስገን ነውር ነው፣ አለማወቅም ኀዘን ነው።

ርብቃ ከ1692 ዓ.ም. በፊት ስለ ኖሩት 71 ዓመት መዛግብቱ የሚነግሩን በአንዲት ገጽ ላይ የሚያልቅ ነው። አባታቸው ዊልያም ታውን፣ እናታቸው ጆአና ብሌሲንግ ይባላሉ፤ በእንግሊዝ አገር በኖርፎክ አውራጃ፣ በባሕር ዳር ባለችው በግሬት ያርመዝ ከተማ፣ በ1621 ዓ.ም. ፌብሩዋሪ 21 ተጠመቁ። በ1640 ዓ.ም. ግድም ቤተ ሰቡ ውቅያኖሱን ተሻግሮ ሳሌም ገባ፤ ኋላም በአጎራባቹ በቶፕስፊልድ ተቀመጠ። ፍራንሲስ ነርስ የሚባል፣ የእንጨት ገበታና የቤት ዕቃ እየጠረበ የሚኖር ሰው አገቡ፤ አራት ወንዶችና አራት ሴቶች ልጆች ወለዱ፤ በ1672 ዓ.ም. በሳሌም ቤተ ክርስቲያን ሙሉ አባል ሆነው ተቆጠሩ፤ በ1678 ዓ.ም. ባላቸው በሳሌም መንደር 300 ኤከር የሚሆን እርሻ በየዓመቱ እየከፈለ የራሱ ለማድረግ ውል ገባ። በእነዚህ ጥቂት መስመሮች መካከል ስምንት ጊዜ ምጥ፣ የስንት ክረምት ብርድ፣ ስንት ሌሊት የታመመ ልጅ ሲጠበቅ የታደረ እንዳለ ማንም ሴት ሳትጠየቅ ታውቀዋለች፤ የዘር ሐረግ የሚጽፍ ሰው ግን ይህን ሁሉ «ወለዱ» በሚለው ግሥ አጥፎ ያልፈዋል።

በ1692 ዓ.ም. ክረምቱ ሊያልቅ ሲል፣ በሳሌም መንደር ሰባኪ በሳሙኤል ፓሪስ ቤት ልጃቸውና የእኅታቸው ወይም የወንድማቸው ልጅ የተባለች ብላቴና ይንፈራገጡ፣ ይጮኹ ጀመር፤ ሕመሙ ወደ ሌሎች ልጃገረዶችም ተላለፈ፤ ሐኪምም ሰባኪም የጠንቋይ ሥራ ነው አሉ። በማርች ወር የርብቃ ስም ተነሣ። ከጎረቤቶቻቸው አራቱ ሊያዩአቸው ሲሄዱ፣ ርብቃ ሳምንት ሊሞላው ለተቃረበ ጊዜ ታመው ተኝተው ነበር። ሰዎቹ ወሬውን ሳያነሡ ርብቃ ራሳቸው ስለ ታመሙት ልጆች አነሡ፤ እንደሚያዝኑላቸውና እንደሚጸልዩላቸው ነገሯቸው። ቀጥሎም የእርሳቸው ስም መጠራቱ በተነገራቸው ጊዜ፣ እንዲህ ከሆነስ የጌታ ፈቃድ ይሁን አሉ፤ ጥቂት ዝም ብለው ቆዩ፤ ከዚያም፣ በዚህ በእርጅናዬ እንዲህ ያለ መከራ ያመጣብኝ እግዚአብሔር ንስሐ ያልገባሁበትን ምን ኃጢአት አግኝቶብኝ ይሆን ብለው ጠየቁ። ጎረቤቶቹ ይህን በጽሑፍ አስቀምጠውታል። የርብቃን ሕይወት ከሚናገሩት ሰነዶች ሁሉ ለእኔ የሚበልጥብኝ ይህ ነው፤ በሐሰት የተወነጀለ ሰው ወንጃዩን ከመርገሙ በፊት የገዛ ኅሊናውን ሲመረምር የሚታይበት ሰነድ በዓለም መዛግብት ውስጥ ብዙ አይደለምና።

በማርች 24 በዳኞች ፊት ቆሙ። ራሳቸውን ዘንበል ሲያደርጉ የልጃገረዶቹ አንገት አብሮ ይጣመማል፤ እጃቸውን ሲያንቀሳቅሱ ልጃገረዶቹ ይጮኻሉ። ዳኛው ጆን ሃቶርን፣ ይህን ሁሉ መከራ እያዩ ሌላው ሲያለቅስ የእርሳቸው ዓይን እንዴት ደረቅ እንደ ሆነ ጠየቃቸው፤ ርብቃም ልባቸውን እንደማያውቅ መለሱ። በዘለዓለማዊው አባት ፊት ንጹሕ ነኝ፣ እግዚአብሔርም ንጽሕናዬን ይገልጣል ሲሉ ተናገሩ። የዚያን ቀን የምርመራውን ቃል እየሰማ የጻፈው ሌላ ሰው ሳይሆን ያ ሰባኪ፣ ክሱ ከቤቱ የወጣው ሳሙኤል ፓሪስ ነበር፤ በነበረውም ጩኸት ምክንያት ያልተጻፈ ብዙ ነገር እንዳለ እርሱ ራሱ መዝግቧል። እንግዲህ ከርብቃ የተወለደ ሰው የአያቱን ቃል ለመስማት ቢሻ በዚህ እጅ በኩል ከመስማት በቀር ሌላ መንገድ የለውም።

ርብቃ ግን ወዳጅ ያጡ ሴት አልነበሩም። 39 ጎረቤቶች፣ ለብዙ ዓመት እንደሚያውቋቸውና ከእንዲህ ያለ ነገር አንዳች ምልክት አይተውባቸው እንደማያውቁ በፊርማቸው መሰከሩ፤ ይህንም ማድረግ በዚያ ወራት ራስን ለክስ ማጋለጥ ነበር። ከፈራሚዎቹ አንዱ ጆናታን ፑትናም፣ በማርች ወር ክሱን ካቀረቡት ሁለት ሰዎች አንዱ ነበረ። በጁን ወር መጨረሻ ሸንጎው ነገሩን ሰምቶ ንጹሕ ናቸው ብሎ ፈረደ። ወዲያው ከሳሾቹ በአደባባዩ ጮኹ፤ ዋናው ዳኛ ዊልያም ስቶውተንም፣ ርብቃ ስለ አንዲት ሌላ እስረኛ የተናገሩትን ቃል አስተውላችሁታልን ብሎ ሸንጎውን ጠየቀ። ርብቃ ያቺ ሴት ወደ ምስክር ስፍራ ስትገባ አይተው፣ ከእኛ ወገን ናት ብለው ነበር፤ ከእኛ ጋር የታሰረች ናት ማለታቸው ነበረ፤ ዳኛው ግን ከጠንቋዮች ማኅበር ናት እንዳሉ አድርጎ ወሰደው። የሸንጎው ሰዎች ትርጉሙን ሊጠይቋቸው ተመለሱ፤ ርብቃም መልስ ሳይሰጡ ቀሩ፤ በደለኛ ናቸውም ተባለ። ኋላ ሲነገራቸው ርብቃ፣ ጆሮዬ ከባድ ነው፣ ልቤም በኀዘን ተሞልቶ ነበርና ጥያቄውን አልሰማሁም ብለው በጽሑፍ አስታወቁ። አገረ ገዥው ሰር ዊልያም ፊፕስ ምሕረት ጀምሮ ነበር፤ ከሳሾቹ እንደገና ስለ ጮኹና ከሳሌም ታላላቅ ሰዎች አንዳንዶቹ ስለ ወተወቱት መልሶ ነሣው።

ጁላይ 3 እሑድ ነበር። ከቅዱስ ቊርባን በኋላ ጉዳዩ ለማኅበሩ ቀረበና ርብቃ እንዲወገዙ በአንድ ድምፅ ተወሰነ፤ ከወኅኒ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አስመጥተዋቸው ሰባኪው ኒኮላስ ኖይስ የውግዘቱን ቃል በላያቸው ላይ አነበበ። በ1672 ዓ.ም. ርብቃን እኅታችን ብሎ የተቀበለ ያው ማኅበር ነው፤ ከድምፅ ሰጪዎቹም መካከል ለብዙ ዓመት ከአንድ ገበታ ቊርባን የተካፈሉ ነበሩ። በስቅላት መሞት የመንግሥት ፍርድ ነበር። ይህኛው ግን የእግዚአብሔር ቤት ፍርድ ነው፤ ለርብቃም ከገመዱ ይልቅ ይህ ሳይከብድባቸው አልቀረም ብዬ አምናለሁ፤ ገመድ ከልጆቻቸው ይለያቸዋል፣ ውግዘት ግን እንደ ማኅበሩ እምነት በሕይወት መጽሐፍ እንዳልተጻፉ የሚያውጅ ነበርና።

እዚህ ላይ የሃይማኖት ጥያቄው ወደ ሥሩ ይደርሳል። በሳሌም ሰዎች የተፈረደባቸው አብዛኛው በምትሐት ምስክርነት ነው፤ ይኸውም ታማሚዋ ልጅ፣ የእገሊት ምስል ሌሊት መጥቶ አነቀኝ፣ ወጋኝ ብትል፣ እገሊት በቤቷ ተኝታ እንደ ነበር ቢመሰከርም እንኳ ምስሏ ማስረጃ ሆኖ ይቆጠርባታል። የነገሩ ሁሉ መሠረት አንድ ነው፤ እግዚአብሔር ሰይጣን የጻድቅን ሰው መልክ እንዲለብስ ይፈቅዳልን? አይፈቅድም ያለ ዳኛ፣ መልኩ የታየ ሁሉ በደለኛ ነው ይላል። ከቦስተን ታላላቅ ሰባኪዎች አንዱ ኢንክሪዝ ማዘር ይህ ማስረጃ እንደማይበቃ በ1692 ዓ.ም. መጨረሻ መጽሐፍ ጻፈ፤ ንጹሕ ሰው ከሚፈረድበት ብዙ ተጠርጣሪ ቢያመልጥ ይሻላል ሲልም አስተማረ። ነገር ግን ከእርሱ አስቀድማ፣ በሜይ ወር፣ በዳኞች ፊት ይህንኑ የተናገረች ሴት ነበረች። የኤምስበሪዋ መበለት ሱዛና ማርቲን፣ በሳሙኤል፣ በዚያ በከበረ ቅዱስ መልክ ለሳኦል የተገለጠው፣ በማንም መልክ ሊገለጥ ይችላል ብለው መለሱ፤ የዓይንዶር መናፍስት ጠሪ ታሪክ ማለታቸው ነበር። በሴት አንደበት የተነገረ ትርጓሜ መጽሐፍ ነውና አልሰሟቸውም፤ ከርብቃ ጋር በአንድ ቀን ተሰቀሉ። ሊቁ በመጽሐፉ ያስረዳውን መበለቲቱ አምስት ወር ቀድመው በሰንሰለት ሆነው ተናግረውት ነበር ማለት ነው፤ ጆሮ የሰጠ ዳኛ ቢገኝ ኖሮ የብዙ ሰው ነፍስ በዳነ ነበር።

የርብቃ ታናሽ እኅት ሜሪ ኢስቲም በሴፕቴምበር 22 ተሰቀሉ። ከመሞታቸው በፊት ለዳኞች በላኩት ማመልከቻ የገዛ ሕይወታቸውን አልለመኑም፤ መሞታቸው እንደማይቀር አውቀው፣ ሌላ ንጹሕ ደም እንዳይፈስ፣ ከሳሾችም ተለያይተው እንዲመረመሩ፣ ራሳቸውን በደለኛ ነን ካሉትም አንዳንዶቹ እንዲፈተኑ ብቻ ለመኑ። ሦስተኛይቱ እኅት ሣራ ክሎይስ ከእስር ተርፈው በ1703 ዓ.ም. ሞቱ። በጠቅላላው በዚያ ዓመት 14 ሴቶችና 5 ወንዶች ተሰቀሉ፤ ጋይልስ ኮሪ የተባለ ሽማግሌ፣ በሸንጎ ለመዳኘት እሺ አልልም ስላለ በድንጋይ ተጭኖ ሞተ፤ ቢያንስ አምስት ሰዎች በወኅኒ አለቁ።

ከዚያ በኋላ የጸጸት ዘመን መጣ። በ1697 ዓ.ም. ጃንዋሪ 14፣ ለጾምና ለንስሐ በታወጀ ቀን፣ ከፈራጆቹ አንዱ ሳሙኤል ሱዎል በቦስተን ቤተ ክርስቲያን በሕዝብ ፊት ቆሞ ሳለ የበደሉ ኑዛዜ ተነበበ፤ የሸንጎውም ሰዎች ይቅርታ የሚጠይቅ ጽሑፍ ፈረሙ። በ1706 ዓ.ም. ኦገስት 25፣ በክሱ ጊዜ የ12 ዓመት ልጅ የነበረችው አን ፑትናም በሳሌም መንደር ማኅበር ፊት ቆማ፣ ሰባኪው ኑዛዜዋን አነበበላት፤ በሰይጣን ማታለል ተይዛ የንጹሓንን ደም እንዳፈሰሰች፣ በተለይም ርብቃንና ሁለቱን እኅቶቻቸውን በመክሰሷ በትቢያ ላይ ልትዋረድ እንደምትሻ ተናግራ፣ ከእግዚአብሔርና ከሟቾቹ ዘመዶች ይቅርታ ለመነች። በ1711 ዓ.ም. መንግሥት የብዙዎቹን ፍርድ ሻረ፤ በአጠቃላይ 578 ፓውንድና 12 ሽልንግ ካሣ ተመደበ፤ ለነርስ ቤተ ሰብ 25 ፓውንድ ደረሳቸው። በተከታዩ ዓመት ሳሙኤል ነርስ ገንዘቡን ተቀብሎ ዝም አላለም፤ የእናቱ ስም በቤተ ክርስቲያኑ መዝገብ እንደ ተወገዘ መቅረቱ እንደሚያሳዝነው አመለከተ፤ ማኅበሩም ለመታሰቢያቸው ነቀፋ፣ ለልጆቻቸውም ኀዘን እንዳይሆን ሲል መዝገቡን ሠረዘው።

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ ልመለስ። ማኅበሩ በ1712 ዓ.ም. የርብቃን ነፍስ አልነካም፤ ሊነካም አይችልም። የነካው የራሱን አንደበት ነው። ውግዘት ሕያዋን የተናገሩት ቃል ነው፤ በመዝገብ ተጽፎ እስከ ተቀመጠ ድረስም አንድ ጊዜ ተነግሮ ያለፈ ነገር አይደለም፤ መዝገቡ በተከፈተ ቊጥር ማኅበሩ ያንኑ ቃል መልሶ ይናገረዋል። የድምፅ ሰጪዎቹ ሁሉ አርጅተው ቢሞቱ፣ ልጆቻቸው በዚያው መዝገብ ላይ የራሳቸውን ሕፃናት ጥምቀት እየጻፉ፣ ከፍ ብሎ የተጻፈውን ሐሰት ሳይነኩ ቢያልፉ፣ በሐሰት መመስከርን የሚከለክለውን ትእዛዝ በየቀኑ ይሽሩ ነበር። ስለዚህ የፒዩሪታኑ ሃይማኖት ለሟች መጸለይን ቢከለክልም፣ ስለ ሟች መዋሸትን አልፈቀደም፤ በ1712 ዓ.ም. ያደረጉትም ከገዛ ትምህርታቸው ጋር የማይጋጭ፣ እንዲያውም ግዴታቸው የነበረ ነው።

ግን ይህ መልስ ሟችን ጨርሶ ከነገሩ የሚያስወጣ ይመስላል፤ እኔም በዚህ ብቻ አልረካም። አርስጣጣሊስ በኒቆማኪያ ሥነ ምግባር መጽሐፉ፣ ሰው ከሞተ በኋላ የልጆቹ ዕድል ይነካዋልን ብሎ ጠይቆ፣ ጥቂት ይነካው ይሆናል እንጂ ደስታውን የሚለውጥ አይደለም ሲል በጥንቃቄ መልሷል። እኔ ከእርሱ ዘንድ ጥንቃቄውን እቀበላለሁ፤ ነገር ግን ለሰው የሚገባው ነገር ሁሉ የሚሰማው ነገር ብቻ ነው ብዬ አላምንም። ርብቃ በቁማቸው ሳሉ እንኳ፣ ጆሯቸው ሳይሰማ በሸንጎው የተነገረው ነገር አልበደላቸውምን? ያልሰሙት ጥያቄ አይደለምን የገደላቸው? ሰው ሳይሰማ ሊበደል የሚችል ከሆነ፣ ሳይሰማ ፍትሕ ሊሰጠውም ይችላል። ፍትሕ ለሚገባው ይገባዋል፤ ተቀባዩ ማመስገን ስለማይችል ዕዳው አይሠረዝም።

ይቅርታን በተመለከተ ግን ነገሩ ሌላ ነው። አን ፑትናም ከሟቾቹ ዘመዶች ይቅርታ ስትለምን፣ ዘመዶቹ ስለ ራሳቸው ኀዘን ይቅር ሊሉ ይችሉ ነበር፤ እናታቸውን ስለ መግደል ግን ይቅር ማለት የእናታቸው ብቻ ነው፣ እርሳቸውም ሄደዋል። እኔ እንደሚመስለኝ ልጅ በእናቱ ስም እውነትን ሊቀበል ይችላል፤ በእናቱ ስም ምሕረት ሊሰጥ ግን ሥልጣን የለውም። ሳሙኤል ነርስ ይህን ጠንቅቆ ያወቀ ይመስለኛል፤ የለመነው መዝገቡ እንዲታረም ነውና።

ስለ መዝገብ ከተናገርሁ፣ መዝገብ የሌላቸውን መርሳት አልችልም። በዚያው በሳሙኤል ፓሪስ ቤት በባርነት ያገለግሉ የነበሩት ቲቱባ፣ መዝገቡ ሕንዳዊት የሚላቸው፣ በማርች 1 ከሁሉ በፊት አመንሁ ብለው የተናገሩ ናቸው፤ ክሱ ሲያበቃም የወኅኒ ክፍያቸውን የሚከፍል ስላልተገኘ እስከ 1693 ዓ.ም. በእስር ቆዩ፤ በመጨረሻ አንድ ሰው ከፍሎ ወሰዳቸው፤ ከዚያ ወዲያ ስማቸው በየትኛውም መዝገብ የለም። በደቡብ በቨርጂኒያ ደግሞ ኤልሳቤጥ ኬይ የምትባል፣ ከእንግሊዛዊ አባትና ከአፍሪካዊት ባሪያ እናት የተወለደች ሴት፣ ልጅ የአባቱን ወገን ይከተላል በሚለው በእንግሊዝ ሕግ ተከራክራ በ1656 ዓ.ም. ነጻነቷን አገኘች። ከስድስት ዓመት በኋላ፣ በ1662 ዓ.ም.፣ የቨርጂኒያ ሸንጎ ልጅ ነጻ ወይም ባሪያ የሚሆነው በእናቱ ነው የሚል ሕግ አወጣ። ሴትን ከስምና ከርስት ቆጠራ ያወጣ ያ ሕዝብ፣ የእናትን ሐረግ በሕግ የቆጠረው ልጇን በባርነት ለማስቀረት በፈለገ ጊዜ ነበር። በዚያ አገር የሴት አያቱን ፈልጎ፣ ከጥምቀት መዝገብ ፈንታ በንብረት ዝርዝር ላይ፣ ያለ አባት ስም፣ ከከብቱ ጎን በዋጋ ተተምና የሚያገኛት ሰው፣ የነርስ ልጆች ያነሡት ጥያቄ በእርሱ ዘንድ ምን ያህል እንደሚከብድ ያውቃል፤ ፍቁልኝ የሚለው መስመር እንኳ የለውምና።

የቅድመ አያት ፍለጋ ለብዙ ሰው የኩራት ፍለጋ ነው፤ ከተሰቀሉት ንጹሓን መወለድ ደግሞ ከሁሉ የሚያኮራ ይመስላል። ነገር ግን ሐረጉን በእውነት የቆጠረ ሰው ያን ኩራት ብቻውን አያገኝም። የዳኛው የጆን ሃቶርን የልጅ ልጅ ልጅ ልጅ የሆነው ደራሲው ናትናኤል ሆቶርን፣ በ1850 ዓ.ም. ባሳተመው በታዋቂው ልብ ወለዱ መቅድም ላይ፣ የአባቶቹን ኀፍረት በራሱ ላይ እንደሚወስድና የተከተላቸው ርግማን ካለ እንዲነሣ እንደሚለምን ጽፏል። ነቢዩ ሕዝቅኤል ልጅ በአባቱ ኃጢአት እንደማይጠየቅ አስተምሯል፤ ሆቶርንም በደለኛ አልነበረም። ሆኖም ርስት የወረሰ ሰው ዕዳው የእኔ አይደለም ሊል እንደማይችል፣ ስምና ክብርን የወረሰም እንዲሁ ነው። የነርስ እርሻም ራሱ በ1784 ዓ.ም. ወደ ፑትናም ቤተ ሰብ እጅ ገብቶ እስከ 1908 ዓ.ም. በእነርሱ ዘንድ ቆይቷል፤ በርብቃ ልጆች ትውፊት መሠረት አስከሬናቸው በሌሊት ተወስዶ የተቀበረው በዚያ እርሻ ነው፤ እንግዲህ ከከሳሾቹ ስም የወጡ ሰዎች የተከሳሿን መቃብር ከ100 ዓመት በላይ ጠብቀዋል ማለት ነው። የርብቃ ተወላጆች በ1885 ዓ.ም. በዚያ ስፍራ የመታሰቢያ ሐውልት አቆሙ፤ በ1892 ዓ.ም. ደግሞ በፊርማቸው ለመሰከሩት ጎረቤቶች ሌላ የመታሰቢያ ድንጋይ ተጨመረ። ከሁለቱ ድንጋዮች ለእኔ የሚበልጥብኝ ሁለተኛው ነው፤ ያቆሙት ሰዎች ከደማቸው ውጪ ያሉትን ጭምር አስታውሰዋልና።

ስለ ደም ከተነሣ አንዲት ሴት ትቀራለች። የአንዶቨሯ ኤልሳቤጥ ጆንሰን በ22 ዓመቷ በ1693 ዓ.ም. ሞት ተፈርዶባት፣ በአገረ ገዥው ምሕረት ከስቅላት ተረፈች። በ1711 ዓ.ም. ፍርዳቸው ከተሻረላቸው ሰዎች ዝርዝር ውስጥ ስሟ ቀረ፤ እርሷም በ1712 ዓ.ም.፣ ርብቃ ከውግዘት በተፈቱበት በዚያው ዓመት፣ ስሟ እንዲጨመርላት አመለከተች፤ አልተጨመረላትም። ባል ሳታገባ፣ ልጅ ሳትወልድ በ1747 ዓ.ም. ሞተች። ሳሙኤል ነርስን የመሰለ ልጅ አልነበራትም፤ ዘር የሚቆጥርላት የልጅ ልጅ አልነበራትም፤ በየጊዜው ሌሎቹን ነጻ ያወጡ ተጨማሪ ሕጎች ሲወጡም እርሷን የሚያስብ ሳይገኝ ቀረ። በመጨረሻ በሰሜን አንዶቨር የሚገኙ የ8ኛ ክፍል ተማሪዎች ከመምህራቸው ጋር ነገሯን መርምረው፣ የሕግ አውጪውን ምክር ቤት ለመኑ፤ ከተፈረደባት ከ329 ዓመት በኋላ፣ በ2022 ዓ.ም.፣ ስሟ በሕግ ነጻ ሆነ። ለእነዚያ ልጆች አያታቸው አልነበረችም፤ ሳሙኤል ነርስ ለእናቱ የለመነውን ለእርሷ ለመኑላት።